አንገቱ ያልተቆረጠ ቅል

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሁለት ነገሮች ተሰቅለዋል። አንዱ ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ የሸለመኝ ሰዓት ነው፤ ሌላው ቅል ነው። ሰዓቱ በተሰጠኝ በጥቂት ወር ቆመ፤ ባትሪ ቢቀየርለትም አሻፈረኝ ብሏል። ቅሉ ግን ሥራ ላይ ነው። ይህን ስናገር እንግዳ ሁሉ ይስቃል። አንገቱ አልተቆረጠ፣ ወተት አልገባበት፣ ምን የሚሉት ሥራ ነው? ይለኛል። መልሱ አጭር አይደለም። ደግነቱ ጡረተኛ ጊዜ አለው፤ ሰዓቱም እንደሆነ ቆሟል።

ቆቦ ወረዳ ግብርና የተመደብኩት በወጣትነቴ፣ የአትክልትና ፍራፍሬ ባለሙያ ተብዬ ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። አውቶቡሱ ከወልድያ ወዲህ ቁልቁል ወርዶ ጎብዬን ሲያልፍ፣ በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ ከምድጃ አፍ የሚወጣ መሰለኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት ማመልከቻ የዝውውር ነበር። ደመወዙን አታንሱት፤ የዝውውሩ መልስ ግን ከደመወዝ ጭማሪው ይልቅ ዘገየ። ሲመጣ ደግሞ የተከልኩት ፓፓያ ማፍራት ጀምሮ ነበር። ፓፓያዬን ማን ይብላልኝ ብዬ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሰው ለትልቅ ጉዳይ ይቀራል፤ እኔ ለፓፓያ ቀረሁ።

ያስቀረኝ ሌላው ነገር አቶ ኪሮስ ናቸው። የወረዳው ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው ከደቡብ ትግራይ ለንግድ መጥተው ቆቦ የቀሩ ናቸው። እሳቸው ግን ሱቁን ለወንድሞቻቸው ትተው አፈር ውስጥ ገቡ። ረጅም፣ ጮክ ብለው የሚናገሩ፣ ባርኔጣቸውን ለእንቅልፍ ካልሆነ የማያወልቁ፣ መመስገን በጣም የሚወዱ ሰው ነበሩ። ገበሬ ቤት ስንሄድ መጀመሪያ የሚዞሩት አጥሩን ነው። ጓሮውን ሳያዩ ሰላምታ አይሰጡም። የቤቱ እመቤት በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው፣ «ይህን በርበሬ ማን ነው የሰጠሽ? የማን እጅ ነው?» ይላሉ።

በራያ ጓሮ ዘር ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ነው የሚሄደው። ተክሉም የሰጪውን ስም ይዞ ይቀራል፤ የከዲጃ እጅ፣ የለተ እጅ እየተባለ። የተቀበለችው ሴት የመጀመሪያዋን ፍሬ፣ በኩሯን፣ ለሰጠቻት ሴት ደጃፍ ድረስ ትወስዳለች። ያን ጊዜ ተክሉ የራሷ ይሆናል። አቶ ኪሮስ ይህን ሲነግሩኝ ደስ የሚል ወግ ነው ብዬ ሰማሁት። ወግ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሙያውን ግን በሚገባ ያዝኩ። ያስተማሩኝን ሁሉ ብረሳ የቅሏን አበባ አልረሳም። የዱባ አበባ በጠዋት ይፈካል። የቅል አበባ ነጭ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይከፈታል። አጠገቡ ሌላ ዓይነት ቅል ካለ ነፍሳት የጎረቤትን አመል ያመጡበታል፤ ልጁ እናቱን አይመስልም። አቶ ኪሮስ ታዲያ ያን ዕለት የሚፈካውን ወንዴና ሴቴ አበባ ለይተው፣ ገና በቀን አፋቸውን በክር ያስሩታል። ሴቴዋን መለየት ቀላል ነው፤ ከሥሯ ጥፍር የምታክል ቅል ይዛ ነው የምትወለደው። ሲመሽ ክሩን ፈትተው፣ ወንዴውን ቆርጠው፣ ከሴቴዋ ጋር ያነካኩና መልሰው ያስሯታል። «ጓለይ፣» ይሉኝ ነበር፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ሽማግሌ ሳይልክ ማንም እንዳይገባ በሩን ቆልፈሽ ነው መዳር።»

አጥር ለአጥር ስንዞር ታዲያ አንድ ነገር እየከነከነኝ መጣ። እሾህ የሌለው ሱፍ አየሁ፤ አንድ ጓሮ ብቻ። አገዳው እስከ ውስጡ ቀይ የሆነ ጥንቅሽ አየሁ፤ እሱም አንድ ጓሮ ብቻ። ሲበስል የሚነጣ ሚጥሚጣ፣ እንደ ቆቅ እንቁላል ዝንጉርጉር አደንጓሬ፣ ሁሉም አንድ አንድ ቤት። አንድ ጓሮ ውስጥ ብቻ ያለ ተክል፣ ባለቤቷ ታማ ሳትዘራ የቀረች ዓመት ያልቃል። ከሁሉም ደግሞ የእማ ዘሀራ ቅል ነበረች።

እማ ዘሀራ ከቆቦ ወጣ ብሎ ጎሊና ወንዝ ዳር የሚኖሩ፣ ከእኔ ጥቂት የሚበልጡ ሴት ናቸው። ቅላቸው አንገቷ እንደ ግመል ወደ ላይ ተቆልምሞ ይወጣል፤ ስሟም የግመል አንገት ነው። ዘሯን እናታቸው ከአንዲት የአፋር ሴት እጅ ተቀብለው ያቆዩዋት ናት። ወተት ሲናጥባት በተቆለመመው አንገት አረፋው አይወጣም፤ ልጣጯም ወፍራም ስለሆነች ቶሎ አትሰነጠቅም። ከዘመዶቻቸው መካከል የምትዳር ልጅ ሁሉ ከእማ ዘሀራ አንድ ቅል ታገኛለች፤ ደርቆ፣ እንደተደፈነ። አንገቱን የምትቆርጠው ሙሽራዋ ራሷ ናት፤ የሌላ ሰው ቢላ አይነካውም። ዘሩን ግን አጥርታ አውጥታ ለእማ ዘሀራ ትመልሳለች። ቅል ይሰጣሉ፤ ዘር አይሰጡም። እኔም ስንት ዓመት ለምኛቸው፣ «ኢንሻአላህ» ብለው ወሬ ይቀይሩ ነበር።

እነዚህን ሴቶች አንድ ቀን አገናኝቶ ዘር ማለዋወጥ ነው መፍትሔው ብዬ ለአለቃዬ ነገርኩት። ያኔ የነበረው አለቃችን ቅን ሰው ነበር፤ አንድ በሽታ ነበረበት፣ ባነር። ባነር ያልተሰቀለበት ሥራ ተሠራ አይባልም። አዳራሽ ተፈቀደ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ድምፅ ማጉያ መጣ። አቶ ኪሮስ ማጉያውን ሲያዩ ዐይናቸው በራ፤ የመክፈቻውን ንግግር ጠይቀው ወሰዱ።

እማ ዘሀራን እንዲመጡ ያግባባኋቸው እኔ ነኝ። ያስቡት አልኳቸው፤ ዘሩ በአሥር ጓሮ ቢኖር፣ ከእርስዎ ቢጠፋ ከሌላው ያገኙታል። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ እንዳልሽ። ግማሹን ላምጣ» አሉ። ግማሹን ዘር በነጭ ጨርቅ ቋጥረው መጡ፤ ግማሹን አጥራቸው ሥር ዘርተውት ነበር።

አዳራሹ ጢም አለ። አለቃችን ፍትሐዊ መሆን ፈለገ። ዘሩ ሁሉ በዓይነት በዓይነቱ ይሰብሰብ፤ ቅል ከቅል፣ በርበሬ ከበርበሬ ጋር ይቀላቀል፤ ከዚያ በእኩል ተሰፍሮ ማኅተም ባለው ፖስታ ይታደል አለ። ማንም ማንንም እንዳይቀየም። አቶ ኪሮስ በማጉያው «በጣም ጥሩ ሐሳብ!» አሉ። እኔም አጨበጨብኩ። የግመል አንገት ከመራራው ቅል፣ ከድንክየው፣ ከሾጣጣው ጋር አንድ ሰፌድ ላይ ፈሰሰች። ሴቶቹ ተያዩ። ፖስታቸውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ መርቀውን ሄዱ። የወሎ ሰው መቼም ጨዋ ነው፤ ሲቆጣህም ይመርቅሃል።

ክረምቱ ገብቶ ስዞር አንድም ፖስታ መሬት አልገባም። አንዷን ለምን አልዘራሽም ብላት፣ «የማን እጅ ነው ብዬ?» አለችኝ። ሌላዋ እንደ ብዙዎቹ ዘሩን ለዶሮ ሰጥታ ፖስታውን የበርበሬ መቋጠሪያ አድርጋዋለች። ሦስተኛዋ ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ሌላ አለሽ ወይ አለችኝ። በኩሩን ለማን ደጃፍ እንደምትወስድ ሳታውቅ ዘር የምትዘራ ሴት አልነበረችም። በሪፖርቱ ላይ ግን ሥራው መቶ በመቶ ተጠናቋል።

መሳቁን ያቆምኩት እማ ዘሀራ ቤት ስደርስ ነው። ጎሊና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞልቶ አጥራቸውን ከነተዘራው ቅል ጠርጎ ወስዶታል። እማ ዘሀራ ደለሉ ላይ ቆመዋል።

«ቅል የሰጧቸው ሴቶች ጋ አይጠፋም» አልኩ።

«ሁሉም መልሰውልኛል። የዘራሁት እሱን ነው። የዋጃዋ የእህቴ ልጅ ሀዋ ብቻ ቀረች። እሷም ዘሩን አይጥ በላው አለችኝ።» ቀጥለውም፣ «እታገኝ፣» አሉኝ፣ «ግማሹን ጎርፉ ወሰደው፤ ግማሹን አንቺ ወሰድሽው። ጎርፉስ ውሃ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ስሄድ ያስገቡኛል፤ ወተት ያቀርቡልኛል። ጓሯቸውን ግን አያሳዩኝም። ለእኔ ሥራ ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም።

ዓመቱን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ከረምኩ። ከዚያ ተነሣሁ። አቶ ኪሮስ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ቤታቸው ሄጄ አማከርኳቸው። ማጉያ ይኖራል ወይ ብለው ጠየቁ። የለም አልኳቸው። ትንሽ አዘኑና፣ «እንግዲያው ይሳካል» አሉ።

ጎብዬ በገበያ ቀን፣ ከገበያው ዳር ካለችው ሾላ ሥር ጀመርን። ባነር የለም፣ ፖስታ የለም። ሰጪዋ ራሷ ትነሣለች፤ ዘሯን ታሳያለች፤ እንዴት እንደሚዘራና ምን እንደሚጠላ ትናገራለች። የምትፈልገዋ ትመጣለች፤ ዘሩን ከእጇ ትቀበላለች፤ ስሟንና ሰፈሯን ትናገራለች። በዓመቱ በኩሩን ይዛ ትመጣለች። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሕጉንም እኔ አላወጣሁትም።

ያ ቦታ እንዴት እንደሚያስደስት! እሾህ የሌለውን ሱፍ ያመጣው አያ ሙሄ የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ ዘሩን ከመስጠቱ በፊት ተቀባይዋን ይፈትናል። «ከምን ጋር ትዘሪዋለሽ? መቼ ትለቅሚዋለሽ?» ካልመለሰች አይሰጥም። አንዲት ከጎጃም የተመደበች የጤና ባለሙያ ፈተናውን ሁለት ዓመት ወድቃ በሦስተኛው አለፈች፤ ያን ቀን እልል ተባለላት። በዓመቱ በኩር ይዘው የሚመጡት ሴቶች ደግሞ ዘሩን ከሰጠቻቸው ጋር ተቃቅፈው ይቆማሉ። ከዚያ በፊት አይተዋወቁም፤ አሁን አንዷ ስትወልድ አንዷ ትጠይቃለች። ቀዩ ጥንቅሽ ዋጃ ደረሰ። ዝንጉርጉሩ አደንጓሬ የት እንዳልደረሰ አላውቅም።

እማ ዘሀራ በየዓመቱ ይመጡ ነበር። ዳር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። አይሰጡም፣ አይቀበሉም። ይህ ሁሉ ደስታ ሲሆን ዐይኔ እሳቸው ላይ ነበር።

ጡረታዬ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ የመጨረሻ ልጃቸው ሰዓዳ ታጨች። ያን ጊዜ እማ ዘሀራ ከሾላዋ ሥር ተነሥተው ቆሙ።

«ለሰው ልጅ ሁሉ ቅል ሰጥቼ የራሴን ልጅ በባዶ እጇ ላስወጣት ነው» አሉ። «ከእኔ ጓሮ የወጣ ቅል ያላችሁ፣ ለሚመጣው ገበያ ይዛችሁልኝ ኑ። አልወስድባችሁም። ምናልባት አንገቱ ውስጥ አንዲት ፍሬ ተለጥፋ እንደሁ ልይ።»

መጡላቸው። ከየቀበሌው፣ በወይራ ጭስ የጠቆሩ፣ ቅቤ ጠጥተው የሚያብረቀርቁ ቅሎች ሾላዋ ሥር ተደረደሩ። እማ ዘሀራ አንድ በአንድ አነሡ። በቀጭን እንጨት የቅሎቹን አንገት ጎረጎሩ። አንዲት ፍሬ አልወጣችም። ራሳቸው ናቸው አጥርታችሁ ጥረጉ ብለው ያስተማሯቸው። «ጎሽ፣» ይላሉ ለእያንዳንዷ፣ «ንጹሕ ነሽ። አላህ ይባርክሽ።» ንጹሕ ነሽ ባሉ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። ያን ማየት አቃተኝና ወደ መንገዱ ወጣሁ።

ከቆመ ባጃጅ ጀርባ አንዲት ሴት ተደብቃ አየሁ። ሀዋ ናት፣ የዋጃዋ። ሻርፗ ሥር የሆነ ነገር አቅፋለች።

«እቴ እታገኝ፣ ይችን አንቺ ስጫቸው» አለችኝ። «እኔ ሚኒባሱ ሳያመልጠኝ ልሂድ።»

ሻርፑን ገለጥኩ። የግመል አንገት ናት። ጭስ አልነካትም፣ ቅቤ አልነካትም፣ ቢላም አልነካትም። ተቀብዬ ነቀነቅኳት። ካሽ፣ ካሽ አለች። ሀዋን እጇን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ሾላዋ ስመለስ፣ እማ ዘሀራ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ሳይዞሩ፣ «እሷ ናት» አሉ።

ከዚያ ዞሩ፤ ከቅሉ ቀድመው ያዩት ሀዋን ነው።

«ይህን አልከፈትሽውም?»

«አልከፈትኩትም፣ አክስቴ።»

«ስንት ዓመት?»

«ከሠርጌ ጀምሮ። ባሌ ክዳን ያለው የፕላስቲክ መናጫ ገዝቶልኝ ነበር። እሱ አይታጠን፣ ብዙ አይታሽ፣ ውሃ ካፈሰሱበት አለቀ። ይቺን ጓዳ ሰቀልኳት።»

«ለዒድ የምትልኪልኝ ቅቤስ? የእርስዎ ቅል የናጠው ነው እያልሽ?»

«የፕላስቲኩ ነው።»

«እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ ቅሌ ናት እንዲህ የምታጣፍጠው እላለሁ!» አሉ እማ ዘሀራ። «ዘሩንስ? አይጥ በላው አላልሽም?»

ሀዋ አንገቷን ደፋች። «አይጧ እኔ ነኝ፣ አክስቴ።»

እማ ዘሀራ ቅሏን ከእጄ ተቀበሉ፣ ጆሯቸው ሥር አድርገው ነቀነቋት። ከዚያ ሳቅ አፈናቸው፤ ሊያምቁት ሞከሩ፣ አልሆነም፤ መሬት ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሰውም ሳቀ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ እንደዚያን ቀን በደስታ ያለቀስኩበትን ቀን አላስታውስም።

ቢላውን ለሀዋ ሰጧት፤ ባለቤቷ ናት የምትቆርጠው። ዘሩ የአቶ ኪሮስ ባርኔጣ ውስጥ ፈሰሰ፤ አውልቀው ሲሰጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «በጣም አርጅቷል፣ ተስፋ አታድርጉ» አሉ። ውሃ ላይ ስናፈሰው አብዛኛው ተንሳፈፈ። የሰመጠውን ለይተን ጫፍ ጫፉን በጥፍር መቁረጫ ነካ አደረግንለት፤ ለብ ባለ ውሃ አሳደርነው፤ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ እማ ዘሀራ መቀነት ውስጥ ገባ። ሙቀቱ የእናት ይሁን አሉ። በሳምንቱ መልእክት ላኩብኝ፣ «ነይና እይ።» ጨርቁ ላይ አራት ነጫጭ ሥሮች ወጥተዋል። የሚተከሉበትን ሊያሳዩኝ ወደ ጓሮ መሩኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ያን አጥር ተሻገርኩ።

ያን ክረምት ማታ ማታ አበባ ስናስር ከረምን። አቶ ኪሮስ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፤ እኔ አስራለሁ፤ እማ ዘሀራ ባትሪ ይይዛሉ። «እሷን አይደለም፣ ወንዴ ናት! የግብርና ባለሙያ ነኝ ትያለሽ ደግሞ» ይሉኛል እማ ዘሀራ። ደጋ ብወለድም እዚህ አገሬ ነው፤ ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ስላቸው፣ «እዚህ አገሩ የእኔ ነው» ይሉኛል። ቅሎቹ ከዳሱ ላይ አንገታቸውን ቆልምመው ተንጠለጠሉ። ሰዓዳም የራሷን ይዛ ተዳረች።

ግን ከሠርጉ በፊት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የበኩሯ ቅል እንደደረቀች እማ ዘሀራ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ዋጃ ልሄድ ነው፤ ነይ ሸኚኝ» አሉኝ። ሀዋ ቤት ነው። ትልቅ ሰው በኩር ተሸክሞ ወደ ልጅ ደጃፍ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ስላቸው፣ «ዘሩን የሰጠችኝ እሷ ናት። የማን እጅ ነው ብትዪኝ፣ የሀዋ እጅ ነው። ወግ ወግ ነው» አሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ቅሏን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ሀዋ በሯ ላይ ስታያቸው ልትሸሽ ምንም አልቀራትም። ጓዳዋን ገልጠው አዩ፤ የፕላስቲክ መናጫው ተቀምጧል። ቅሏን ከበላዩ ምስማር ላይ ሰቀሏት።

«አንገቷን እንዳትቆርጪ» አሏት። «በፕላስቲክሽ ናጪ። በየዓመቱ አዲስ አመጣልሻለሁ፣ ያረጀውን እወስዳለሁ።»

«ይቅር ብለውኛል ማለት ነው?»

«የምን ይቅርታ፣ ሥራ ነው የሰጠሁሽ» አሉ እማ ዘሀራ። «እንደ እኔ ንጹሕ ብቻ ሆነን ዘሩ ሊያልቅ ነበር። ከእንግዲህ በየአገሩ ለዘር የሚሆን አንድ አንድ ሰነፍ ይኑረን።»

ለዋጃ ሀዋ ተሾመች። ለቆቦ የተሾምኩት እኔ ነኝ፤ ጡረታ በወጣሁ ዕለት ሹመቱን ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ። እንግዳ ሲጠይቀኝ ቅሉን ከግድግዳው አውርጄ ጆሮው ሥር እነቀንቅለታለሁ።